የሞተረኛ ጆሮ መድፈኛ፦ የ17 ሳንቲሙ ስፖንጅ ወይስ የ30 ዶላሩ ሲሊኮን?

ብርዱ አልፎ ሞተር የሚወጣበት ወቅት በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደጋገማል። "የትኛውን የጆሮ መድፈኛ ልግዛ?" ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ጓደኞቼ ይጠይቁኛል። አዲስ የገዛውም፣ ለዓመታት የነዳውም ይጠይቀኛል። በቅርቡ ደግሞ አዲስ አበባ በሞተር ዕቃ የሚያደርሰው ታናሽ ወንድሜ ደወለ። "ማታ ልተኛ ስል ጆሮዬ ይጮሃል፣ እናንተ እዚያ ምን ታደርጋላችሁ?" አለኝ። ለእያንዳንዱ ከምደጋግም አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

መልሴን አላቆያችሁም። ስፖንጁን ግዙ። ያንን በጣት ተጠቅልሎ ጆሮ ውስጥ ከገባ በኋላ መልሶ የሚያብጠውን፣ ርካሹን። ፊልተር ያለው ሲሊኮን፣ ማለትም ድምፁን በትንሽ ቀዳዳ እያሳለፈ የሚቀንሰው፣ ቦታ አለው፣ እሱንም እነግራችኋለሁ። ግን ሃይዌይ ላይ ለሚነዳ ሰው፣ ገንዘቡም ጆሮውም ለሚያሳዝነው ሰው፣ ስፖንጁ ይበልጣል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ ሰው "የኔ ሞተር ድምፅ የለውም፣ ምን ያስፈልገኛል?" ይላል። ጆሮ የሚጎዳው ግን በአብዛኛው የሞተሩ ድምፅ አይደለም። ነፋሱ ነው። በሰዓት ወደ 65 ኪሎ ሜትር ከደረሳችሁ በኋላ ሄልሜቱን እየመታ በአገጭና በአንገት በኩል የሚዞረው ነፋስ የሞተሩን ድምፅ ይበልጠዋል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ ያለው ድምፅ 95፣ አንዳንዴም 100 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ይደርሳል። ውድ ሄልሜት ትንሽ ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም። ሄልሜት የተሠራው ጭንቅላት እንዳይሰበር ነው። ያንን ወፍራም የነፋስ ጉርምርምታ የማስቆም አቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ "ድምፅ አልባ" እየተባለ በ700 ዶላር የሚሸጠውን ሄልሜት ለጆሮዬ ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የ17 ሳንቲሙን ሞክሩ።

ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም 85 ዴሲቤል በቀን ከ8 ሰዓት እንዳያልፍ ይመክራል። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት ነው። 100 ላይ ስትደርሱ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራችኋል። ዋሽንግተንን የሚዞረውን ሃይዌይ፣ ቤልትዌዩን፣ ግማሹን ሳትዞሩ የቀኑን ድርሻችሁን ጨረሳችሁ ማለት ነው። ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሴሎች ደግሞ አንዴ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም። ሐኪም አይተካቸውም፣ መድኃኒት የላቸውም። ያ ማታ ማታ የሚሰማው ጩኸት መጀመሪያ ላይ በማግስቱ ይጠፋል። ከቆየ በኋላ ግን ቤቱን ይሠራል።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

ሃዋርድ ላይት ማክስ የሚባለው ብርቱካንማ ስፖንጅ አለ። 200 ጥንድ የያዘው ካርቶን ኦንላይን ከ30 እስከ 40 ዶላር አካባቢ ይገኛል። በ35 ብናሰላው ጥንዱ 17 ሳንቲም ተኩል ይመጣል። እኔ አንዱን ጥንድ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቀምበታለሁ፣ ሲቆሽሽ ወይም ማበጥ እምቢ ሲል እጥለዋለሁ። በአንድ ጉዞ ከ6 እስከ 9 ሳንቲም ነው። ፋርማሲ ውስጥ ያለው 50 ጥንድ የያዘ ዕቃ ወደ 12 ዶላር ነው፣ ጥንዱ 24 ሳንቲም። የግንባታ ዕቃ መደብር የሚንጠለጠለው ትንሽ ፓኬት 10 ጥንድ በ5 ዶላር ከሆነ ጥንዱ 50 ሳንቲም ደረሰ። ሞተር መሸጫ ውስጥ ደግሞ ሂሳብ መክፈያው አጠገብ ተደርድሮ ለአንድ ጥንድ 2 ዶላር የሚጠየቅበት ቦታ አለ። ዕቃው ያው ነው። ማሸጊያው ላይ ሞተር ስለተሳለበት ብቻ ከአሥር እጥፍ በላይ አትክፈሉ።

ፊልተር ያላቸው መድፈኛዎች፣ የሲሊኮኖቹም እንደ አልፓይን ሞቶሴፍ ያሉትም፣ ከ20 እስከ 30 ዶላር ናቸው። 30 ዶላር ማለት ከ170 ጥንድ በላይ ስፖንጅ ነው። "እሱ እኮ አንዴ ተገዝቶ ይቆያል" ትሉኛላችሁ። ይቆያል፣ ካልጠፋ። ነዳጅ ስትቀዱ አውልቃችሁ ጃኬት ኪስ ውስጥ ታደርጉታላችሁ፣ ከጓንት ጋር ተጎትቶ ይወድቃል፣ አንዱ ከጠፋ ሌላኛው ብቻውን አይሠራም። ስፖንጅ ሲጠፋ ግን ማንም አያዝንም። ቀጣዩን ጥንድ ታወጣላችሁ፣ አለቀ።

የመከላከል አቅሙ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከዋጋው ይብሳል። አሜሪካ በሚሸጥ መድፈኛ ሁሉ ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚቀንስ የሚናገር ኤን አር አር የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ የተለካው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ መድፈኛው በትክክል ገብቶ ነው። እውነተኛው ኑሮ ላይ ያንን ያህል አይገኝም። ኦሻ የሚባለው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት ጥንቃቄ የበዛበት ስሌት አለ፦ ከቁጥሩ 7 ቀንሱ፣ የቀረውን ለ2 አካፍሉ። ማክስ 33 ነው። 7 ሲቀነስ 26፣ ሲካፈል 13። የ100 ዴሲቤሉ ነፋስ ወደ 87 ወረደ ማለት ነው። በናዮሽ ሂሳብ ከ15 ደቂቃ ወደ 5 ሰዓት አካባቢ ሄዳችሁ። ለአንድ ቀን ጉዞ ይበቃል። በደንብ ያስገባው ሰው ደግሞ ከዚህም የበለጠ ያገኛል።

ፊልተር ካላቸው አንዱን እንይ። ኢቲሞቲክ የሚሠራው ኢአር 20 የሚባል መድፈኛ አለ። ሙዚቀኞች ይወዱታል፣ ለሙዚቃም ጥሩ ነው። ስሙ ላይ 20 ስላለ ብዙ ሰው 20 ዴሲቤል የሚቀንስ ይመስለዋል። ሳጥኑ ላይ ያለው ኤን አር አር ግን 12 ነው። በዚያው ስሌት 2 ተኩል ብቻ ቀረ። 100 የነበረው 97.5 ሆነ። በዚህ 27 ደቂቃ አካባቢ ታገኛላችሁ። ሌላም መጠንቀቂያ አለ። ከአውሮፓ የሚመጡት ኤስ ኤን አር የሚባል ሌላ ቁጥር ይጽፋሉ። ለዚያው መድፈኛ ኤስ ኤን አር ብዙ ጊዜ ከኤን አር አር ከፍ ብሎ ስለሚወጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አታወዳድሩ። ሻጮች የሚያደርጉት ግን ይህንኑ ነው።

ስለ ኮፒው ካልነገርኳችሁ ይህን ሁሉ መጻፌ ከንቱ ነው። ኦንላይን ከ6 እስከ 10 ዶላር የሚሸጡ ፊልተር አላቸው የሚባሉ መድፈኞች ሞልተዋል። ከታወቁት ጋር በመልክ ቁርጥ ናቸው። የአሉሚኒየም መያዣ አላቸው፣ ቁልፍ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ትንሽ ብሩሽም አብሮ ይመጣል። አንዱን ገዝቼ ሃይዌይ ላይ ስወጣ ነፋሱ እንዳለ ነው። ቤት ገብቼ በትንሽ ፒንሳ ፊልተሩን ጎትቼ አወጣሁት። ፊልተር የለም። ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፣ ወደ መብራት ሳዞረው ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ ያሳያል። ጆሮ ውስጥ ቀዳዳ ያለው ጎማ ከትቼ ነበር የምነዳው። ለሻጩ ጻፍኩ፣ ሌላ ጥንድ በነጻ ላከልኝ። እሱም ባዶ ነበር። የዚህ ነገር ጉዳቱ 8 ዶላሩ አይደለም። ሰውየው ጆሮዬን ጠብቄአለሁ ብሎ ተማምኖ ረጅም መንገድ መንዳቱ ነው። ምንም ባያደርግ ኖሮ ቢያንስ ጩኸቱ ሲበዛበት ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር።

መፈተኛው ቀላል ነው። መድፈኛውን አስገቡ። ሬዲዮ ወይም ሌላ ድምፅ ያለበት ቦታ ቁሙና ሁለቱን ጆሮ በመዳፋችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ሸፍኑ፣ መልሳችሁ ልቀቁ። ሸፍናችሁም ለቃችሁም ድምፁ ያን ያህል ካልተለያየ መድፈኛው ሥራውን እየሠራ ነው። ስትሸፍኑ ድምፁ በጣም ከቀነሰ ግን ወይ በደንብ አልገባም ወይ ዕቃው የውሸት ነው። ስፖንጁንም በዚሁ ፈትኑት። ማሸጊያው ላይ ቁጥር የሌለውን ደግሞ ከመጀመሪያውም አትግዙ። አዲስ አበባ ለግንባታ ሠራተኛ የደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። እዚያም ስትጠይቁ በላስቲክ ተቋጥሮ በፍሬ የሚሰጣችሁን ትታችሁ የፋብሪካ ማሸጊያና ቁጥር ያለውን ጠይቁ።

እውነተኛውን ፊልተር የገዛም ቢሆን ጥገና አለበት። ቀዳዳው በጆሮ ኩክ ይደፈናል። በለብታ ውኃና በሳሙና መታጠብ አለበት፣ ፊልተሩ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ግን መጀመሪያ አውጡት፣ አለዚያ ውስጡ ውኃ ይቋጥራል። በአልኮል የሚጠርጉት አሉ፣ ሳሙናው ይበቃል። ከጊዜ በኋላ ክንፎቹ ጠርዝ ላይ ይሰነጠቃሉ፣ ከተሰነጠቀ ደግሞ ማሸጉ አበቃ። ሙጫ አይዘውም፣ ሞክረው ያበላሹትን አይቻለሁ። ደግሞ ግንዱ ረዘም ያለ ከሆነ ሄልሜቱ ሲጠልቅ ይገፋዋል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጆሮ ውስጥ እንደ ምስማር ይሰማል።

ስፖንጁም ነውር አለበት፣ አልሸፍንለትም። ትልቁ ነውሩ አብዛኛው ሰው አስገባሁ ብሎ አለማስገባቱ ነው። ግማሹ ውጭ ቀርቶ ጆሮ አፍ ላይ ተቀምጦ አያለሁ። አገባቡ እንዲህ ነው። እጃችሁን ታጠቡ፣ ቅባትና ግራሶ በነካ እጅ ስፖንጅ መጠቅለል ጆሮ ማሳመም ነው። ስፖንጁን ሳይታጠፍ ቀጭን እስኪሆን ጠቅልሉት። በሌላኛው እጃችሁ በጭንቅላታችሁ ላይ አልፋችሁ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡት። ያኔ ቀዳዳው ቀና ይላል። አስገቡና ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ በጣት ደግፋችሁ ያዙ። ድምፁ ቀስ በቀስ ሲደበዝዝ ይሰማችኋል። ብርድ ሲሆን ስፖንጅ ቶሎ አያብጥም፣ ስለዚህ ኪስ ውስጥ አድርጋችሁ አሙቁት። ሄልሜት ስታጠልቁ የሄልሜቱን ሁለት ጎን ወደ ውጭ ዘርግታችሁ አጥልቁ፣ አለዚያ ጆሮን እየጎተተ መድፈኛውን ያወጣዋል። አንዴ እጃችሁ ከለመደ ለአንድ ጆሮ ከግማሽ ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ሁለተኛው ነውር መጠን ነው። ማክስ ለብዙ ሰው ትልቅ ነው። በተለይ ሴቶችና ቀጭን የጆሮ ቀዳዳ ያላቸው ወንዶች "ያመኛል" ብለው ስፖንጅን ጭራሽ ይተዉታል። አይተዉት። አረንጓዴው ማክስ ላይት ትንሽና ለስላሳ ነው፣ ቁጥሩም 30 ነው። ሦስት ነጥብ ቢቀንስም ጆሮ ውስጥ የሚቀመጥ 30 ግማሹ ውጭ ከቀረ 33 ይሻላል። ቢጫው ሲሊንደር፣ ኢኤአር ክላሲክ የሚባለው፣ 29 ነው። ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ሲቆይ ጆሮ ያሳክከኛል፣ ግን የሚወዱት ጓደኞች አሉኝ።

በልክ የሚሠራውን ልለፈው ብል ትጠይቁኛላችሁ። የጆሮ ባለሙያ ጋ ሄዳችሁ ጆሯችሁ ውስጥ ሲሊኮን ፈስሶ ቅርጹ ተወስዶ የሚሠራ ነው። ከ100 ዶላር ይጀምራል፣ 200ም ያልፋል። ምቾቱን ማንም አይደርስበትም። በዓመት ብዙ ሺህ ማይል የሚነዳ፣ ቀኑን ሙሉ ሄልሜት ውስጥ የሚውል ሰው ይግዛው። ኪሎ ሲጨመርና ሲቀነስ የጆሮ ቀዳዳም ይለወጣልና ከዓመታት በኋላ እንደገና መሠራት እንዳለበት ግን አስሉት። ራዲያንስ የሚባለው ቤት ውስጥ ራስ የሚሠሩት ከ10 እስከ 15 ዶላር ነው፣ 10 ደቂቃ ይፈጃል፣ ቁጥሩም 26 ነው። ስፖንጅ ፈጽሞ ለማይስማማው ሰው ከ30 ዶላሩ ፊልተር በፊት ይህን ይሞክር እላለሁ።

እሺ፣ ፊልተሩ የሚያሸንፍበት ቦታ። ከተማ ውስጥ። ወንድሜ ከቦሌ መርካቶ፣ ከመርካቶ ሲኤምሲ ሲመላለስ ፍጥነቱ በአብዛኛው ዝቅተኛ ነው። ደንበኛ ይደውልለታል፣ ቆሞ ያወራል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ተመልሶ ይነሳል። በየጊዜው ስፖንጅ ሲያወጣና ሲያስገባ እጁም ይቆሽሻል፣ ሥራውም ይጓተታል። ጥሩምባውና የሚኒባሱ ጩኸት ነው የሚጎዳው፣ እሱን ለመቀነስ መካከለኛ ቁጥር ይበቃዋል። ለሱ እውነተኛውን ፊልተር ገዝቼ ላክሁለት፣ አላመነታሁም። ቨርጂኒያ ባለው የሸናንዶዋ ፓርክ መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ ላይ፣ ለመዝናናት ስወጣም ፍጥነቱ በ35 ማይል የተገደበ ስለሆነ ፊልተሩን አደርጋለሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከዚያ ድረስ በሚወስደው ሃይዌይ ላይ ግን ስፖንጁ ነው። ወንድሜም ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ ስፖንጅ እንዲያደርግ ነግሬዋለሁ፣ ያ ሜዳ ላይ ያለውን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል።

"መድፈኛ ካደረግኩ የአምቡላንስ ድምፅ እንዴት እሰማለሁ?" የሚለው ፍርሃት ይገባኛል። ሃይዌይ ላይ ግን መድፈኛው ነፋሱንም ሳይረኑንም አብሮ ነው የሚቀንሰው። ሳይረኑ ከነፋሱ በላይ ከሆነ በላይነቱ አይጠፋም። ጆሮ በጩኸት ስላልደነዘዘ እንዲያውም ነጥሎ ለመስማት ይቀለዋል። በዝግታ ሲነዳ ግን ከሚገባው በላይ መድፈን ጥሩ አይደለም፣ ቀድሞውኑ የመስማት ችግር ያለበት ሰውም ሐኪሙን ይጠይቅ። ሕጉንም እዩ። አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ሁለቱንም ጆሮ ደፍኖ መንዳት ይከለክላሉ። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ይከለክልና ሳይረንና ጥሩምባ መስማት የማይከለክል የጆሮ መከላከያ ሲሆን ይፈቅዳል። የግዛታችሁን ሕግ አንብባችሁ ውጡ።

አሮጌ ሞተር የምታሳምሩ ልጆች፣ ይህ ለናንተ ነው። የድሮ ሆንዳ ሲቢ ገዝታችሁ አራቱን ማርሚታ አውጥታችሁ አራቱን ወደ አንድ የሚያጠቃልል አጭር ቱቦ ትገጥማላችሁ። መልኩ ያምራል፣ አልክድም። ግን ያ ድምፅ ከነፋሱ በላይ ይጨመራል፣ ካርቡሬተሩም እንደገና ካልተስተካከለ ሞተሩ በደንብ አይሠራም። ድምፅ መቀነሻ ውስጡ ያለው ቱቦ እንዲቀር አድርጉ፣ አታውጡት። ውስጡ የታሸገው የፋይበር ግላስ ጥጥ ያለው ማርሚታ ከሆነ ጥጡ እየተቃጠለ ሲሄድ ድምፁ ይጨምራል። የመጠቅጠቂያው ጥጥ ዋጋ ከአዲስ ማርሚታ ጋር አይወዳደርም፣ በራሳችሁ እጅ የሚሠራ ነው። አገር ቤት ያሉት ደግሞ የያማሃ ዲቲ ማርሚታ ሲቆርጡ አያለሁ። ዲቲ ባለ ሁለት ስትሮክ ነው። ያ ያበጠው የቱቦ ሆድ ለጌጥ አልተሠራም፣ የሚመለሰው የግፊት ሞገድ ያልተቃጠለውን ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ እንዲመልስ ነው የተሠራው። ስትቆርጡት ጩኸት ትገዛላችሁ፣ ጉልበት ትሸጣላችሁ።

ነፋስ የሚከላከለውን የፊት መስታወትም አስቡበት። አጭር የፊት መስታወት ነፋሱን ደረት ላይ ያስቆምና የተበጠበጠውን አየር ቀጥታ ሄልሜቱ ላይ ይልከዋል። አንዳንድ ጊዜ ጭራሽ ማውጣት ድምፁን ይቀንሳል። አዲስ መስታወት ከመግዛታችሁ በፊት መንገድ ላይ እየነዳችሁ ለአፍታ በእግር ማሳረፊያው ላይ ቆማችሁ ከመቀመጫው ከፍ በሉ። ጭንቅላታችሁ ወደ ንጹህ አየር ሲወጣ ጩኸቱ ከቀነሰ ጥፋቱ የመስታወቱ ቁመት ነው። ይህን ለመፈተን ሳንቲም አይወጣም።

እንግዲህ የምትገዙት ይህ ነው። መጀመሪያ የተለያዩ ስፖንጆች ተቀላቅለው የሚሸጡበትን የመሞከሪያ ጥቅል አምጡ፣ ከጆሯችሁ ጋር የሚስማማውን እወቁ። ከዚያ የሱን የ200 ካርቶን ግዙና ከሦስት አራት ጓደኛ ጋር ተካፈሉ፣ ለእያንዳንዱ ከ10 ዶላር አይበልጥም። ከተማ ውስጥ የምትውሉ ከሆነ ብቻ አንድ እውነተኛ ፊልተር ጨምሩበት፣ ከአምራቹ ወይም ከሚታወቅ ሻጭ። አገር ቤት የምትሄዱም ካርቶኑን ሻንጣ ውስጥ ክተቱ፣ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ስትሰጡ ግን ማሸጊያውን አትጣሉ፣ አገባቡንም በእጃችሁ አሳዩ፣ ካላሳያችሁት ሰው ግማሹን ውጭ ትቶት ነው የሚነዳው።